ፊደሉን ቈጠርነው፤ ቃሉንስ ዐወቅነው?



በዚህ ዓመት በመኝታ ክፍሎቻችንና በሻይ ቤቱ አንድ ጨዋታ ገብቷል፤ አብዛኞቻችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ይነሣና «በእንግሊዝኛ 5 ፊደል ያለው፣ በውስጡም ዜድ የሚገኝበት ቃል አምጡ» ይላል። ሌላው ያመጣል፤ ሦስተኛው ፊደሉን በጣቱ ይቈጥራል፤ ቃሉ የጐደለበት ወይም የተረፈበት ሰው የሻዩን ሒሳብ ይከፍላል። ባለፈው ሰሞን እኛም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ይህንኑ ስንጫወት አመሸን። ፒዛ ተባለ፤ ሬዘር ተባለ፤ ፕራይዝ ተባለ፤ ደዘን ተባለ። ሻዩ ሦስት ጊዜ ተቀዳ። ከተቀመጥነው መካከል አራታችን የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገጠር ልጆች ነን። ታዲያ እስክንነሣ ድረስ «ሜዝ» ያለ አንድ እንኳ አልተገኘም።

ሜዝ ማለት በቆሎ ነው። ኤም፣ ኤ፣ አይ፣ ዜድ፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል፤ ልክ 5 ፊደል ነው፤ ዜድም አለበት። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በጃቢ ጠህናን በኩል ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ወንበርማ የሚሄድ ሰው በክረምት መንገዱን ግራና ቀኝ አጥሮ የሚያየው በቆሎ ነው። እኛም በቆሎ እሸት በልተን ያደግን፣ በበቆሎ ሽያጭ ደብተር የተገዛልን ልጆች ነን። ነገር ግን አብዛኞቻችን ቀምሰነው የማናውቀውን ፒዛ ጠርተን፣ ያሳደገንን በቆሎ ረሳን። ይህ ነገር በዚያች ሌሊት አሳቀን፤ በማግስቱ ግን አሳሰበን። ይህንም ጽሑፍ ያስጻፈን እርሱ ነው።

አሳባችንን ከመግለጻችን በፊት አንድ ነገር እናስታውቃለን። ጨዋታውን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ሲጋራ ከማጨስና የሰው ስም ከማንሣት የተሻለ ማምሻ መሆኑን እናምናለን። በውስጡም ያልተናቀ ትምህርት አለበት፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ለጨዋታው የሚገባውን ምስጋና እንስጥ።

ቃልን በፊደሉ ልክ የማደን ጨዋታ በዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በአሜሪካ የሥራ እጦት በበረታበት ጊዜ፣ አልፍሬድ በትስ የተባለ ሥራ የፈታ አርክቴክት በጋዜጣ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቈጠረ፤ በዚያም ቈጠራ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1948 ስክራብል ተብሎ የተሰየመውን ጨዋታ ፈጠረ። ስክራብል በእንግሊዝኛው 100 ጠጠር አለው። ከመቶው 12ቱ ኢ የሚለው ፊደል ናቸው፤ ኪውና ዜድ ግን አንድ አንድ ብቻ ናቸው፤ ብርቅ ስለሆኑም እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያስገኛሉ። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2021 ጆሽ ዋርድል የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ዎርድል የሚባለውን ጨዋታ ለሕዝብ አቀረበ። የተሰወረውን ባለ 5 ፊደል ቃል በ6 ሙከራ ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገዛው፤ ዛሬ በስልካችን ላይ የምናየውም ይኸው ነው።

ከዚህ ጨዋታ ምን ይማራሉ ቢባል፣ በመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደላት በሥራ እኩል አለመሆናቸውን ይማራሉ። ኢ ከሁሉ ይበዛል፤ በማናቸውም ገጽ ላይ ከስምንት ፊደል አንዱ እርሱ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሞርስ በሚባለው የቴሌግራፍ ምልክት ኢ አንዲት ነጥብ ብቻ የተሰጠው፣ ኪውና ዜድ ግን አራት አራት ምልክት የተጫነባቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ የሚመላለሰው ጭነቱ እንዲቀልለት ማለት ነው። ሁለተኛም ፊደላት ወዳጅ ወዳጅ እንዳላቸው ይማራሉ። ኪው ባለበት ከጥቂቶች በቀር ዩ ይከተለዋል። ሦስተኛም፣ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፣ ዐይን ጥንቃቄን ይለምዳል።

ለዚህ ምሳሌ እንስጥ። ኪው፣ ዩ፣ አይ፣ ኢ፣ ቲ ተብሎ ሲጻፍ «ክዋየት» ማለትም ጸጥታ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ቦታ ሲለዋወጡ «ክዋይት» ይሆንና «በጣም» ወይም «ፈጽሞ» ማለት ነው። ፊደላቱ ያው አምስቱ ናቸው። እንደዚሁም ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኤል፣ ኢ «አንግል» ሲሆን ማዕዘን ማለት ነው፤ መጨረሻው ተገልብጦ ኢ፣ ኤል ሲሆን ግን «ኤንጅል» መልአክ ነው። ከመካከላችን አንዱ 9ኛ ክፍል ሳለ በሒሳብ ፈተና ላይ «የሦስት ማዕዘኑ መልአክ 60 ዲግሪ ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። መምህሩ ስቀው «እንግዲያውስ ይጠብቅህ» ብለው በቀይ ቀለም ጻፉበት። ነጥቡን ግን አልሰጡትም። ፊደል መቍጠር የለመደ ልጅ ከእንዲህ ያለው ስሕተት ይድናል።

የፊደል ቍጥር ቁም ነገር የሚሆንበት ሌላም ቦታ አለ። ፍኖተ ሰላም በፊደላችን 3 እና 3 ናት፤ በእንግሊዝኛ ስትጻፍ ግን 6 እና 5 ትሆናለች። ቡሬ በፊደላችን 2 ብቻ ናት፤ በእንግሊዝኛ አንዱ በ4 ፊደል ይጽፋታል፣ ሌላው አይ ጨምሮ በ5 ይጽፋታል። ለከተማ ስም ይህ አይጐዳ ይሆናል። የአንድ ተማሪ የአባት ስም ግን በ8ኛ ክፍል ካርድ ላይ በ6 ፊደል፣ በ12ኛው ወረቀት ላይ በ7፣ በመታወቂያው ላይ በ8 ተጽፎ ሲገኝ፣ አንድ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ የተመላለሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ፊደል መቍጠር ከንቱ ነው አንልም።

ምስጋናው ይህ ነው። አሁን ወደ ነቀፋችን እንሂድ፤ ነቀፋውንም በሌላ ሰው ሳይሆን በራሳችን እንጀምር።

ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው መካከል አንዱ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለች የገጠር ቀበሌ የተወለደ ነው። 10ኛ ክፍል ሳለ በትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ክበብ ውስጥ ስሙ የታወቀ ነበር። በ5 ፊደል፣ በ6 ፊደል፣ ኤክስ ያለበት፣ ጄ ያለበት ቢሉት እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። ከመዝገበ ቃላት ላይ ቃላቱን በየልካቸው ለይቶ የጻፈበት ደብተር ነበረው፤ ደብተሩንም ጓደኞቹ ይዋሱት ነበር። በሐምሌ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አባቱ ለጤፋቸው የአረም መድኃኒት፣ ገበሬው ቱፎርዲ የሚለውን፣ ገዝተው የጀርባ መርጫ ተውሰው ነበር። በጠርሙሱ ላይ የነበረው የአማርኛ ወረቀት ተላጦ የቀረው እንግሊዝኛው ነው።

«እስቲ አንብብልኝ ልጄ፤ የተማርኸው ለዚህ አይደል?» አሉት።

ልጁም አነበበ። አንዱን ቃል ስድስት ፊደል መሆኑን ዐይቶ ጮክ ብሎ ቈጠረው፤ ዲ፣ አይ፣ ኤል፣ ዩ፣ ቲ፣ ኢ። አባት ልጃቸውን በኵራት እያዩ «ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት። አላወቀውም። በደብተሩ ውስጥ አልነበረም፤ ኤክስ የለበትም፣ ጄ የለበትም፣ ኪውም ዜድም የለበትምና አንድም ቀን ለጨዋታ ፈልጎት አያውቅም። «አላውቀውም» ለማለት ግን አፈረ። የክበቡ ኩሩ ልጅ አላውቅም ይላል? «ምንም አይደለም አባዬ፤ ስለ አያያዙ የሚናገር ነው» አለ።

ቃሉ «ዳይሉት» ነው፤ ውሃ ጨምረህ አቅጥነው ማለት ነው። አባት በግምት ጥቂት ውሃ ጨምረው ረጩት። በሳምንቱ የግብርና ባለሙያው መጥቶ ሲያይ ከአንዱ ቃዳ ጤፍ እኩሌታው እሳት እንደ ነካው ሆኖ ቆየው። ባለሙያው ጠርሙሱን አንሥቶ ያችኑ ቃል በጣቱ አመለከተ። አባት ልጁን አልተቈጡትም፤ «ወረቀቱ ላይ ያለውን እግዜር ያውቃል» ብለው ዝም አሉ። ወንድማችን ግን ዝምታው ከቍጣ ይልቅ እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ ይናገራል። በዚያው ዓመት ለጥር ሰርግ የታሰበው ጤፍ ከገበያ ተሸመተ።

አንባብያን ሆይ፣ ይህን ያመጣነው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። ከመቶ በላይ ብርቅ ቃላት የያዘ ልጅ አንዱን ተራ ቃል ባለማወቁ የአባቱ ጤፍ ተቃጠለ። ምክንያቱን መርምሩት። ጨዋታው ዋጋ የሚሰጠው ብርቅ ፊደል ላለበት ቃል ነው፤ ኑሮ ግን ዋጋ የሚሰጠው ሥራ ላለው ቃል ነው። ሁለቱ ሚዛኖች አይገናኙም።

የቃል ርዝመትም እንዲሁ ያታልላል። ረጅሙ ቃል ከባድ፣ አጭሩ ቀላል ይመስለናል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው። ኤስ፣ ኢ፣ ቲ፣ «ሴት»፣ 3 ፊደል ብቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግን ለዚህች ቃል ከ400 የሚበልጡ ትርጉሞች ተቈጥረውላታል። ጠረጴዛ ታሰናዳለች፣ ፀሐይን ታጠልቃለች፣ ሲሚንቶን ታደርቃለች፣ ፈተና ታወጣለች፣ በሒሳብ ክፍል ደግሞ ስብስብ ትሆናለች። በአንጻሩ «ፎቶሲንተሲስ» 14 ፊደል ሆኖ ትርጉሙ አንድ ነው። ፎቶ በግሪክ ብርሃን፣ ሲንተሲስ ማጣመር ነው፤ ቅጠል በብርሃን ኃይል ምግቡን የሚያዘጋጅበት ሥራ ነው። «ቴርሞሜትር» 11 ፊደል ነው፤ ቴርሞ ሙቀት፣ ሜትር መለኪያ። ይህን የከፈለ ልጅ «ቴርሞስ»ንና «ባሮሜትር»ን ሳይጠይቅ ግማሹን ያውቃል። ፊደል የቈጠረ ግን 11 መሆኑን ብቻ ያውቃል።

ዛሬ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። «5 ፊደል፣ በሦስተኛው ቦታ ዜድ» ብለን ስልካችንን ብንጠይቀው ዝርዝሩን ከመቅጽበት ያወጣዋል። ወንድማችን በኩራዝ ብርሃን አንድ ዓመት የደከመበት ደብተር ለማሽን የአንድ ቅጽበት ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ዝርዝሩን በቃል መያዝ ዕውቀት ነው ብለን መኵራራት ከእንግዲህ አይቻለንም። ለእኛ የቀረው ማሽኑ የአባታችንን ማሳ ዐይቶ የማያውቀው ነገር ነው። ይኸውም ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ቃል ለማን፣ መቼ እንደሚያስፈልግ መለየት ነው።

ነገሩ የአንድ ጠርሙስ ነገር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍን። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እስከ ትናንት በአማርኛ ስለ ሥር፣ ስለ ግንድና ስለ ቅጠል የተማረ ልጅ፣ ከክረምት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ ቅጠል በማያውቀው ስም ያገኘዋል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆነ። የዚህ ሁሉ ምክንያት እንግሊዝኛ ብቻ ነው ብንል ሐሰት እንናገራለን፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የመምህራን ኑሮ አለ፣ ረኃብም አለ። በእኛም አገር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ስሟ የሰላም መንገድ የሆነው ከተማችን ዙሪያ ያሉ ልጆች ደብተራቸውን ሰቅለው የተቀመጡበትን ወራት እናውቃለን። ይሁን እንጂ ልጁ ጥያቄውን ማንበብ ካልቻለ መልሱን ቢያውቅስ ምን ይጠቅመዋል? ጥቂት መጽሐፍ፣ ጥቂት የትምህርት ቀን ላለው ልጅ ጊዜው ውድ ነው። ያችን ውድ ጊዜ በብርቅ ቃል ዝርዝር ላይ እንዲያጠፋት ማድረግ በደል ይሆናል።

እዚህ ላይ ከገዛ አገራችን አንድ ትምህርት እንጥቀስ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል የማያውቅ የለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሲያሰናዳ «ቅኔ ቈጠረ» ይባላል። ቃሉን ልብ በሉት፤ አባቶቻችንም ቍጠራ ነው ያሉት! ልኩም የታወቀ ነው። ጉባኤ ቃና በ2 ቤት፣ ሥላሴ በ6 ቤት፣ መወድስ በ8 ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ ማጕደልም ማትረፍም አይቻልም። ተማሪው ለብቻው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቈጥር ይውልና ማታ በመምህሩ ፊት ያቀርባል። መምህሩ ግን ልኩ መሙላቱን ብቻ ሰምቶ አይለቀውም። ሰሙ የታል? ወርቁስ? ምሥጢሩ ምንድር ነው? ብሎ ይጠይቃል። ቤቱ ሞልቶ ምሥጢር የሌለው ቅኔ እንደ ባዶ ጎተራ ይቈጠራል። እንግዲህ ልክና ፊደል የያዘ የቃል ጨዋታ ከባሕር ማዶ የመጣልን አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ያጐደልነው የማታውን ጥያቄ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል እንቈጥራለን፤ ወርቁን የሚጠይቀን መምህር ግን በጠረጴዛችን ዙሪያ አልተቀመጠም።

በዚህ አሳባችን ላይ ሁለት ዓይነት መልስ እንደሚመጣብን እናውቃለን። አንደኛው «ጨዋታን ጨዋታ ተዉት፤ ሁሉን ነገር ትምህርት ካደረጋችሁት ሰው የት ይረፍ?» የሚል ነው። እውነት አለው። እኛም ሻይ የሚያስከፍለው ቅጣት እንዲቀር አንፈልግም። ነገር ግን ይህ ጨዋታ በሻይ ቤት አልቀረም። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ክበብ ገብቶ የእንግሊዝኛ ዕውቀት መለኪያ ሆኗል፤ ብርቅ ቃል የያዘው ልጅ ጎበዝ ይባላል፤ ዝም ያለው ልጅ ደንቆሮ ይባላል። በመኝታ ክፍላችንም ከገጠር የመጣው አዲስ ተማሪ አንድ ፊደል በመሳቱ ሲሣቅበት ዐይተናል፤ ሣቅንም። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ እጁን አላወጣም። ጨዋታ ሰውን ዝም ካሰኘ ጨዋታነቱ አብቅቷል።

ሁለተኛው መልስ «እንግሊዝኛውን ራሱን ተዉትና ሁሉም በአገር ቋንቋ ይሁን» የሚል ነው። ይህ ትልቅ ክርክር ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በልጁ አፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ደንግጓል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንዴት ይሁን ብሎ መከራከር የተገባ ነው፤ ይህ ጋዜጣችንም ለዚህ ሌላ ገጽ ቢከፍት ደስ ይለናል። ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ጠርሙሱ ከገበሬው ቤት አለ፤ ፈተናውም በሰኔ ይመጣል። ደግሞም ቋንቋውን ባዕድ ብቻ አድርገን አንየው። ጤፍ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ባለ 4 ፊደል ቃል ሆኖ ገብቷል፤ ብርም በ4 ፊደል፣ ንጉሥም በ5 ፊደል ገብተዋል። ቃሎቻችን ወደ እነርሱ ቤት ሳይፈሩ ከገቡ፣ እኛ ስለምን እንፈራለን? የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አስቸጋሪ መሆኑም የእኛ ጥፋት አይደለም። «ናይት» የተባለው ባላባት በ6 ፊደል ተጽፎ የመጀመሪያው ኬ የማይሰማው፣ ጥንት ይሰማ የነበረው ድምፅ ከአፍ ጠፍቶ በወረቀት ላይ ስለ ቀረ ነው። ካክስተን የማተሚያ መኪናን እ.ኤ.አ. በ1476 ወደ እንግሊዝ ካስገባ በኋላ አጻጻፉ እየጸና ሄደ፤ አነጋገሩ ግን መለወጡን አላቆመም። የእኛስ ፊደል ቢሆን? በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ ዛሬ በአፋችን አንድ ሆነው በፊደል ብቻ ይለያያሉ። ይህን የተማረ ልጅ የእንግሊዝኛውን ኬ ለምን ያፍርበታል?

ስለዚህ ምን ይደረግ? በበኩላችን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የጨዋታውን ሕግ እንለውጥ። ቃል ያመጣ ሰው ፊደሉ ልክ ሆኖ መገኘቱ አይበቃውም። ቃሉን በአረፍተ ነገር ያስገባው፤ ትርጉሙንም በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይናገር። ያልቻለ ሻዩን ይክፈል። በዚህ ሕግ ባለፈው ሳምንት ሞክረነው ነበር፤ ከፋዩ በዛ፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት የተማርነው ከወሩ ሁሉ በለጠ።

ሁለተኛ፣ ቃሉን ከቤታችን እንልቀም። ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ምን እንደ ተጻፈ ስንቶቻችን አንብበናል? በዩሪያው ላይ 46 የሚለው ቍጥር ከመቶ ኪሎ ውስጥ 46ቱ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። ዩሪያ ራሱ በእንግሊዝኛ 4 ፊደል ነው፤ ከ4ቱ 3ቱ አናባቢ ናቸው፤ ለጨዋታውም የሚያምር ቃል ነበር። ገበሬው ቢ ኤች 660 የሚለው የበቆሎ ዘር ስሙን ያገኘው ከየት ነው? ቢ ባኮ ናት፤ ኤች ደግሞ ሃይብሪድ፣ ዲቃላ ዘር ማለት ነው። በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ፣ በክኒኑ እሽግ ላይ፣ በውሃ መሳቢያው ሞተር ላይ፣ በቡሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ ለሥራ በሚወጣው ማስታወቂያ ላይ ያሉት ቃላት እናትና አባቶቻችን በየቀኑ የሚነኳቸው ቃላት ናቸው። እያንዳንዳችን ለክረምት ወደ አገራችን ስንመለስ 20፣ 20 ቃል ከየቀበሌያችን ለቅመን እንምጣ። የጃቢ ጠህናኑ፣ የቋሪቱ፣ የሰከላው፣ የደምበጫውና የወንበርማው ልጅ ያመጣው ሲሰበሰብ፣ ከፊደሉ ቍጥርና ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር በዚህ ጋዜጣ ይባዛ፤ ለየትምህርት ቤቱ ክበብም ይላክ። እንግሊዛዊው መምህር ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ለተማሪ ከሁሉ የሚያስፈልጉ ብሎ ያሳተማቸው ቃላት 2,000 ያህል ነበሩ። እኛ 300 ብናገኝ መልካም ጅማሬ ነው።

ይህን ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወርደው አስተምረዋል። ከእኛ የሚጠየቀው አንድ እስክሪፕቶና የራስ ቤት መሄድ ብቻ ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ ከተፈቀደልን ማለታችን ነው፤ ካልተፈቀደም በስልክ ቤተ ሰቦቻችንን ጠይቀን ልናስጽፍ እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ለተከበሩ መምህራኖቻችን በትሕትና አንድ ልመና አለን። ለቃል ዝርዝር ብቻ ነጥብ አይሰጥ። ተማሪው ቃሉን ሲከፍል፣ ሲጠቀምበት፣ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳበት ግን ነጥብ ይሰጠው። እንዲሁም «አላውቀውም» ያለ ተማሪ አይሣቅበት። ወንድማችን በዚያች የሐምሌ ቀን ይህችን አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ አባቱ ለግብርና ባለሙያው ልከው ባስነበቡ ነበር። ጤፉን ያቃጠለው አለማወቁ ብቻ አልነበረም፤ አለማወቁን መደበቁም ነው። መደበቅን ያስተማርነው ደግሞ እኛ ነን፤ በክበቡም፣ በመኝታ ክፍሉም፣ በሻይ ቤቱም በሣቃችን አስተምረነዋል።

ጽሑፋችንን ከመፈጸማችን በፊት አንድ ወሬ እንጨምር። ወንድማችን ያን የብርቅ ቃላት ደብተር አልጣለውም። ከጀርባው ገልብጦ እንደ አዲስ ጀመረው። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ዳይሉት፤ 6 ፊደል፤ ማቅጠን» ብሎ ጽፏል። በሁለተኛው መስመር ላይ ከዚያች የሻይ ቤት ምሽት በኋላ «ሜዝ፤ 5 ፊደል፤ በቆሎ» ተጽፏል። ሦስተኛው መስመር ገና ባዶ ነው። በመጪው ክረምት ከአባቱ ጋር ተቀምጠው ሊሞሉት ተስማምተዋል፤ አባት ዕቃውን ያቀርባሉ፣ ልጅ ያነባል፣ ያላወቀውንም አላወቅሁትም ይላል።

እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። እናንተስ?